መንገዱን ያወጣ ይመራል

እኛ ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ መንገዱን ያወጣ ይመራል፣ የሚከተል አይጠይቅም። ሕጉ የወጣው ኢኒስ ኤፊን ባገባበት ዓመት ነው። ያኔ ሦስት ጎረምሶች በሦስት ሞተር ሳይክል ወደ ሰሜን እንወጣና በየመንታ መንገዱ ቆመን ስንጨቃጨቅ ቀኑ ይመሽብን ነበር። አንዱ ግራ ሲል ሌላው ቀኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ ሆዴን ስለምወድ ምሳ ቤት ያለበትን አቅጣጫ እደግፋለሁ። በመጨረሻ ኤፊ ከኢኒስ ኋላ ከተቀመጠችበት ሞተር ወረደች። ዝናቡ ከሄልሜቷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ከሦስታችሁ አንዱን መሪ ካላደረጋችሁ በእግሬ ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ አለችን። ኢኒስ መሪ ሆነ፤ ሆኖም ቀረ።

ያንን ሕግ እንዳከበርነው የመንግሥትን ሕግ አክብረን ቢሆን ኖሮ ብዙ ቅጣት ይቀርልን ነበር። አንድ ጊዜ ኢኒስ ተሳስቶ በጠባብ መንገድ ይዞን ሄደና የሰው የበግ በረት ውስጥ ከተተን። ቃል የተነፈሰ የለም። ሞተሮቻችንን በተርታ አቆምን፣ ዳቧችንን በላን፣ በጎቹ ከበው እያዩን ከፔርሙዙ ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ ዞረን ወጣን። ባለቤትየው በሩ ላይ ቆሞ ምን ፈልጋችሁ ነው ቢለን፣ ላክላን ምሳ ሰዓት ደርሶብን ነው ብሎት አለፈ። ኢኒስም ማታ ቢራውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ሆን ብዬ ነው፣ ከነፋስ ላስጠልላችሁ ብዬ ነው አለ። እኛም አመንነው፤ ማመን የሕጉ አካል ነበር።

ላክላን በግ አርቢ ነው። ኢኒስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አናጢ ነበር። እኔ ዋቲ ደግሞ ዕድሜዬን ክሪፍ ከተማ ውስጥ ዳቦ ስጋግር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሁሉ ሲተኛ እየተነሣሁ፣ ሰው ሲነሣ እየተኛሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ በግንቦት፣ ሦስታችንም ሥራችንን ጥለን በሞተር ወደ ሰሜን እንሄዳለን። መንገዱ የሚወጣው ብርዱ ሊሰበር ሲል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኢኒስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታውን ይዘረጋል፣ ቀይ የሱፍ ክር ጫፉን በምራቁ ያርስና በመንገዱ ላይ ያስተኛዋል። ላክላን በዚያ ሰሞን በጎቹ ስለሚወልዱ አይመጣም። ስለዚህ ሁልጊዜ እኔና ኢኒስ ነን፤ እሱ ያወጣል፣ እኔ እህ እላለሁ።

ዘንድሮ ከቅዳሜው በፊት ኤፊ ደወለችልኝ። ኢኒስ ከጎረቤት ከተማ ሲመለስ፣ ዐይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው መንገድ ላይ፣ ጠፍቶ እንደነበር ነገረችኝ። ሞተሩን አጥፍቶ መንገድ ዳር ተቀምጦ ነው ያገኙት፤ አንዱን አላፊ አግዳሚ የአባቱን ቤት ይጠይቀው ነበር። አባቱ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሐኪሙም አይቶት ከእንግዲህ ሞተር እንዳይነዳ ከልክሎታል። ኢኒስ ግን ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጥሎ፣ ሐኪሙ ራሱ ገና ልጅ ነው ብሎ ቀረ።

"ዋቲ፣ ቁልፉን ተቀበልልኝ" አለችኝ። "ለእኔ አይሰጠኝም። መምራቱን ግን እንዳትነካበት። እሱን ከወሰዳችሁበት ቤቴ ውስጥ የሚቀረኝ ባዶ ካፖርት ነው።"

እሺ አልኳት። ምን ልላት ኖሯል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መርዶ እንድነግር የተላክሁ መሰለኝ። የሰውየውን ሞተር ነጥቀህ መሪነቱን ተውለት ማለት፣ ፈረሱን ወስደህ ፈረሰኛ በለው ማለት ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ዘዴ ብዬ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሞኝ ዘዴ መሆኑን አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ ስደርስ ኢኒስ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ተላጭቷል፣ ሸሚዙን ተኩሷል። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ሆድህ ከበሩ ቀድሞ ገባ አለኝ። ካርታው ተዘርግቷል፣ ክሩ ተዘጋጅቷል። ኤፊ እቃ ማጠቢያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ዘወር ብላ አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች።

ሥራ ጀመርን፤ እኔም ተገረምኩ። ኢኒስ የድሮው ኢኒስ ነው። ሸለቆዋ ግሌንኮ ጧት አንገባባትም፣ ጧት ጉም ትለብስና ቀሚሷን አታሳይም፤ ረፋዱ ላይ እንደርሳለን አለ። በዚህ በኩል ያለው መንገድ ሰፍቷል፣ የሰፋ መንገድ ደግሞ ለቱሪስት አውቶቡስ ነው ብሎ ክሩን በዳገቱ በኩል አዞረው። ሺልዴግ እናድራለን፤ በማግስቱ ጌይርሎክ ላይ ቤንዚን እንሞላለን፣ ላክላን ሞተሩን እንደ ሚስቱ ዘመድ በቁንጥር ነው የሚያበላው። መንገድ ማውጣት ማይል መቁጠር አይደለም ይል ነበር ድሮም፤ ፀሐይዋ የት እንደምትሆን ማወቅ ነው። የትኛው መታጠፊያ ላይ ባሕሩ ድንገት እንደሚከፈት፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦ መብላት እንደሚሻል፣ አንዱንም አልሳተም።

ደስ አለኝ። ሐኪሙም ተሳስቷል፣ ኤፊም ፈርታ ነው አልኩ በልቤ። ሰው ቢደክመው አንድ ቀን መንገድ ቢጠፋበት ምን አለበት? ቁልፉን ሳልጠይቀው ሻዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ልሄድ ወሰንኩ። ኢኒስ ክሩን ወደ ሰሜን እየገፋ ኡላፑልን አለፈ፣ ተራሮቹን አለፈ፣ ካይልስኩ የሚባለው ጠባብ ባሕር ጋ ደረሰ።

"እዚህ ጋ ወደ ቀኝ ወርደን ጀልባዋን እንጠብቃለን" አለ። "ኮል ምሳ ላይ ከሆነ ትንሽ ያቆየን ይሆናል።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ክሩን በጠባቡ ባሕር ላይ በጥንቃቄ እያስተኛ ነበር። ከኋላዬ ኤፊ ሳህን የምታጥብበት የውኃ ድምፅ ቆመ።

ካይልስኩ ላይ ጀልባ የለም። ድልድይ ከተሠራ አርባ ዓመት አልፎታል። ባለ ጀልባውን ኮልንም ከቀበርነው ቆይቷል። በዚያ ድልድይ ስንት ጊዜ እንዳለፍን አላውቀውም፤ ሁልጊዜም ኢኒስ ከፊት ነበር።

ግን ጀልባዋን እንዴት ልርሳት? ሁለት ወይ ሦስት መኪና ብትይዝ ነው፤ ሳንቲም ሳትቀበል ታሻግር ነበር። ወዲያ ማዶ ከሆነች ከዚህ እጅህን አውለብልበህ መጠበቅ ነው። ኮል ለአንድ ሞተር ሳይክል ብሎ ሲመጣ ፒፓውን ነክሶ፣ ሳይቸኩል፣ ውኃው የእሱ የጓሮ መሬት ይመስል ነበር። እስኪመጣ ኤፊ የተቀቀለ እንቁላል ትልጥልናለች፣ ትንኝ ይበላናል፣ ላክላን በድንጋይ ውኃውን ይመታል። አንድ ቀን እንዲያውም ጀልባዋ ደርሳ ሳለ፣ ኮል ሆይ ሂድና ተመለስ፣ የሚቀጥለውን እንሳፈራለን አልነው። ምን ሆናችኋል ሲለን ኢኒስ ምንም አልሆንንም፣ እየጠበቅን ነው አለው። ዕድሜዬን ሙሉ ከነበርኩባቸው ቦታዎች ሁሉ አንዱን መልሰህ ውሰድ ቢሉኝ ያንን የሲሚንቶ ዳር ነው የምወስደው። ድልድዩ ሲመረቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እዚያ ቆመን አናውቅም።

የሚከተል አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። "እሺ፣ ጀልባዋን እንጠብቃለን" አልኩት።  ከዚያ ዐይኔን በጨው አጥቤ ያዘጋጀሁትን ዘዴ አወጣሁ።

"ኢኒስ፣ ዘንድሮ ዐይኔ ደክሟል። ያቺን ከሞተር ጎን የምትገጠም ባለ አንድ ጎማ ጋሪዬን ልግጠማትና፣ አንተ እሷ ላይ ተቀምጠህ መንገዱን ብታሳየኝስ?"

ክሩን ለቀቀው። "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ጋሪዋ የውሻህ ወንበር አይደለችም እንዴ?"

"ነበረች። እሱ ከሞተ ወዲህ አጥቤያታለሁ።"

"ኤፊ ናት የላከችህ?"

መዋሸት እችል ነበር። "አዎ" አልኩት።

ኢኒስ ሲቆጣ አይጮህም፤ ድምፁ ይቀንሳል። ሐኪሙም፣ ኤፊም፣ እኔም ተሰብስበን እንደ ድንች ከረጢት በጋሪ ልንጭነው መማከራችንን ሰምቷል፤ ሀገር ለሀገር አዙሮ ያሳየን ሰው በውሻ ቦታ ተቀምጦ የሚሄድ ከሆነ ባይሄድ ይሻለዋል፤ አሁን ካፖርቴን ለብሼ ከቤቱ እንድወጣለት ነገረኝ። ካፖርቴን አነሣሁ። አንድ እጄን ካስገባሁ በኋላ ሌላውን እጅጌ ማግኘት አቃተኝ፤ እንዲያ ቆሜ ቀረሁ።

ኤፊ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ እኔ በተነሣሁበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሥራ ስትሠራ እንጂ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፣ በተለይ በዚያ ጠረጴዛ ላይ።

"ሠላሳ ዓመት ከኋላህ ተቀምጬ ሄጃለሁ" አለችው። "ሀገሩን ሁሉ ያየሁት በትከሻህ ላይ አሻግሬ ነው። ወዴት ነው ብዬህ አላውቅም። በሰው ሞተር ላይ መቀመጥ ውርደት ከሆነ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?"

 መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ኢኒስ አያት፤ ገና ያኔ ከሞተሩ ወርዳ የቆመችበትን ቀን የሚያይ መሰለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ስትነዳ ትዘፍናለህ" አለኝ።

"አልዘፍንም።"

"ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አንድ ዘፈን ነው የምትዘፍነው፤ እሱንም ግጥሙን አታውቀውም።"

"ዘንድሮ አልዘፍንም አልኩህ እኮ።"

"ላክላንም ጋሪ ውስጥ ሳየኝ ቢስቅ እወርዳለሁ።"

"ላክላን ከሳቀ እኔ ራሴ አወርደዋለሁ።"

ኢኒስ ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። ለእኔ አልሰጠኝም፤ ጎንበስ ብሎ የኤፊ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ክሩን አንሥቶ ከቆመበት ቀጠለ። መሪው እኔ ነኝ ግን አለ፣ ቀና ሳይል። መሪው አንተ ነህ አልኩት። እንደ ሕፃን አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ በሳል አሳበብኩ።

ለላክላን በስልክ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ጀልባዋ ስነግረው ከበስተጀርባው በግ ሲጮህ ይሰማኛል። እኔ መቼ ነው ጭንቅላቴን ተጠቅሜ የማውቀው፣ እከተላለሁ አለኝ። በቀሩት ሳምንታት ሁለታችንም የተመኘነው ነገር አንድ ነው፤ ኢኒስ ጀልባዋን ራሱ እንዲረሳት።

በግንቦት ወጣን። ኤፊ በሩ ላይ ቆማ የኢኒስን ሻርፕ ሁለት ጊዜ አሰረችለት፤ ላክላን አልሳቀም። ኢኒስ ጋሪዋ ውስጥ ተደላድሎ ቀኝ እጁን ያነሣል፣ እጁ ወዳሳየኝ እታጠፋለሁ። ዝግ ብዬ ስነዳ ጉልበቴን በጡጫ ይመታኛል፣ ስፈጥን ይሰድበኛል። ግሌንኮ ቀሚሷን አሳየችን። ሺልዴግ ስናድር ሁለት እራት በላ፣ ለአስተናጋጇ በበረዶ ውስጥ እንዴት እንዳሻገረን አወራላት፤ ያወራው ሁሉ እውነት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በሞተው ወንድሙ ስም ጠራኝ። አቤት አልኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካይልስኩ ደረስን። መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ዝም ብለህ ብትከተለው ወደ ድልድዩ ይወስድሃል። ወደ ቀኝ የምትወርደው አሮጌዋ መንገድ ጠባብ ናት። የኢኒስ እጅ እስከ መጨረሻው አልተነሣም፤ ረስቷታል ብዬ ትንፋሼን ልለቅ ስል ክንዱ ወደ ቀኝ ቀጥ አለ። እንዳላየ ሆኜ ማለፍ እችል ነበር። ታጠፍኩ። በመስተዋቴ ላክላን ከኋላዬ ሲታጠፍ አየሁት።

የሲሚንቶው ዳር እንዳለ ነው፤ ቁልቁል ወርዶ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ላይ የባሕር አረም በቅሎበታል። ሞተሩን አጠፋሁ። ሆቴሉ ደጃፍ ዓሣ የሚበሉ ሰዎች፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ወደ ባሕሩ ሊገቡ ነው እንዴ በሚል ዐይን አዩን። ሦስታችንም ወርደን ተቀመጥን። ላክላን ፔርሙዙን ከፈተ። ኢኒስ ማዶ ማዶ እያየ፣ ኮል ዘገየ አለ። ምሳ ላይ ይሆናል አልኩት። ትንኞቹ ገና አልወጡም፣ ውኃው ፀጥ ብሏል፣ ማንም የትም የሚሄድ አልነበረም። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እስኪመሽም ቢሆን እዚያ ብንቀመጥ አልጠላም።

አንድ የጭነት መኪና ድምፅ ከግራ በኩል መጣ። ኢኒስ ድምፁን ተከትሎ ተነሣ፣ በዳሩ በኩል ጥቂት ራመድ አለና ቆመ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየን። ድልድዩን አይቶታል። ላክላን ኩባያውን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ኢኒስ ሲመለስ ፊቱ ገርጥቷል።

"ያንን መቼ ሠሩት?"

"ቆይቷል" አልኩት። "አርባ ዓመት ያልፈዋል።"

"አልፈንበታል?"

"ብዙ ጊዜ። ከፊት ሆነህ አሻግረኸናል።"

"ኮልስ?"

"ሞቷል፣ ኢኒስ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነበርክ።"

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ። "እያወቃችሁ ነው የተከተላችሁኝ?"

ላክላን ነው የመለሰለት። "መሪው አንተ ነሃ" አለው።

ኢኒስ መጀመሪያ ላክላንን፣ ከዚያ እኔን አየን። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ሄዶ ጋሪዋ ውስጥ ገባ፣ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ ማሰሪያውን ለማሰር ሲታገል ቆየና ራሱ አሰረው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።

"ዋቲ" አለኝ፣ "ከዚህ ወዲያ አንተ ምራ።"

"ኢኒስ፣ እኔ እኮ..."

"ምራ አልኩህ። እኔ ሀገሩን እያየሁ እሄዳለሁ።"

ወደ ላይ ወጣን። ድልድዩ ላይ ስደርስ መንገዱ ይታየኝ አልነበረም፤ ሄልሜት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው እንባውን የሚጠርግበት ቦታ የለውም። ከፊቴ ማንም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የአንድ ሰው ጀርባ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል፤ ያ ሰው ጎኔ ተቀምጧል፣ አንገቱን እያሽከረከረ ግራና ቀኙን ያያል። ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጉልበቴን አልመታኝም።

ማዶ ከተሻገርን በኋላ ከፍ ካለው ቦታ ላይ አቆምኩ። ከዚያ ውኃውም፣ ተራሮቹም፣ የተሻገርንበትም ሁሉ ይታያል። ኢኒስ ዐይኑ በርቷል። ዘወር ዘወር እያለ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ እንደ እንግዳ በትሕትና ክንዴን ነካ አደረገኝ።

"ጥሩ መንገድ ነው" አለኝ። "ማን ነው ያወጣው?"

ላክላን ፊቱን አዞረ።

"አንተ ነህ" አልኩት።

"እኔ?"

"አንተ።"

ትንሽ አሰበበት። ከዚያ አገጩ ቀስ እያለ ቀና አለ፤ የድሮው ትዕቢት መልኩ ላይ መጣ።

"እኔማ ነኝ" አለ። "ታዲያ እናንተ ልታወጡት ኖሯል?"